እኛ ስንደርስ ውሃው አልቋል

በሯጮች አገር ቀርፋፋ ሯጭ ሆኖ መኖርን የመሰለ አታካች ነገር የለም። ሌላ አገር ሰው ግማሽ ማራቶን ሮጦ ሲገባ «እንኳን ደስ አለህ» ይባላል፤ ጎረቤት ይሰማለታል፣ የሥራ ባልደረባ ያጨበጭብለታል። እኛ ዘንድ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንተኛ ወጣህ?» ነው። እርሷን እንደምንም ስታልፋት ሁለተኛዋ ትከተላለች፦ «በስንት ገባህ?» ሁለት ሰዓት ከሩብ ስትል የጠያቂው ፊት ይለወጥና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ምነው፣ አሞህ ነበር እንዴ?» ይልሃል።

በጠያቂውም አይፈረድም። ግማሽ ማራቶን 21 ኪሎ ሜትር ከ97 ሜትር ተኩል ነው። ይህንን ርቀት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2006 አሪዞና ላይ በ58 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ ጨርሶ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰብሯል። ለተሰንበት ግደይ በ2021 ቫሌንሲያ ላይ በ1 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ ገባች። ዮሚፍ ቀጄልቻ በ2024 እዚያው ቫሌንሲያ 57 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ብቻ ፈጀበት። ይህን እየሰማ ያደገ ሕዝብ ሁለት ሰዓት ከሩብ ሲባል መንገድ ጠፍቶብህ የነበረ ቢመስለው ምን ይገርማል? ዮሚፍ ጨርሶ ባንዲራ በሚለብስበት ደቂቃ እኛ ገና ዘጠነኛው ኪሎ ሜትር ላይ ነን፤ ቆም ለማለት የጫማችን ማሰሪያ ቢፈታልን ብለን እየተመኘን።

«እኛ» የምለው ደብረ ታቦር ውስጥ ጎህ ሲቀድ የምንሮጥ ሰዎችን ነው። መምህር አለ፣ ነርስ አለች፣ የባንክ ሠራተኛ አለ፣ ልብስ ሰፊ አለ፣ ጡረታ የወጡ የመንገድ ሥራ ሰው አሉ። ማኅተም የለንም፣ ፈቃድም የለንም። ሰብሳቢ፣ ገንዘብ ያዥና የቴሌግራም ግሩፕ ግን አሉን፤ እዚህ አገር እነዚህ ሦስቱ ከተሟሉ ክለብ ማለት ነው። አንዳችንም ሜዳልያ የሚያመጣ እግር የለንም። ሐኪም «ተንቀሳቀሱ» ብሎ ያስወጣን፣ ቦርጭ ያስደነገጠን፣ ወይም እንዲሁ ጠዋት ጠዋት ከሰው ጋር መዋልን የወደድን ነን።

ሮሮው የሚጀምረው ገና ከልምምዱ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የጉና ተራራ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ሆኖ ከላይ ቁልቁል ያየናል። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ውርጩ ጆሮ ይቆርጣል። ወደ ጋሳይ በሚወስደው አስፋልት ስንወጣ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ድንች በአህያ ጭኖ ወደ ከተማ የሚወርድ ገበሬ ቆሞ ይመለከተናል።

«ደህና ናችሁ? አገሩ ሰላም ነው?»

«ሰላም ነው አያ። እየሮጥን ነው።»

«እሱንማ አየሁ። ከምን?»

ከስኳርና ከደም ግፊት ነው ብለን እውነቱን ስንነግረው ጥቂት ያስብና «ማረስ አይሻላችሁም?» ብሎ አህያውን ይነዳል። መልስ የለንም። ከገበሬው ስናመልጥ ውሻ ይቀበለናል፤ የደጋ ውሻ የሚሮጥ ሰው ሁሉ ሌባ ይመስለዋል። ከውሻው ስናመልጥ ባጃጅ ከኋላ መጥቶ ጥሩንባውን ጆሯችን ሥር ይነፋዋል። ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ «ኃይሌ!» ይላል። ሁሌም ኃይሌ ነው። ልጆቹ ሲጨምሩበት «አበበ ቢቂላ!» ይሉናል፤ ጫማ አድርገን እንኳን።

በዝግታ መታማታችን ግን አይገባኝም። የጋፋት ሰፈር እኮ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያሠሩት እዚያ ነው። 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ያ መድፍ ከደብረ ታቦር የተነሳው በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ነበር፤ መቅደላ የደረሰው መጋቢት ነው። ገደል እየተደለደለ፣ መንገድ እየተጠረገ፣ ሰው በጠፍር እየጎተተው ወራት ፈጀ። ያን ጊዜ ጎታቾቹን «በስንት ገባችሁ?» ብሎ የጠየቀ አልተሰማም፤ ቁም ነገሩ መድረሱ ነበር። ከዚህ ሁሉ በኋላ የእነዚያን ሰዎች የልጅ ልጅ በሰዓት መለካት ትንሽ ይከብዳል።

እንግዲህ በዓመት አንድ ጊዜ ገንዘብ አዋጥተን ወደ ትልቅ ግማሽ ማራቶን እንሄዳለን። ውድድሩን በስም አልጠራም፤ ያየነውም የሰማነውም ሁሉም ያው ነው። ወሬው ከሦስት ወር በፊት በግሩፑ ላይ ይጀመርና ዝግጅቱ በመጨረሻው ሳምንት ይጣደፋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለእኛ ነው። ሰብሳቢው «መነሻ ሌሊት 9 ሰዓት፣ ከአደባባዩ» ብሎ ይጽፋል። ወዲያው ከሥሩ የበዓል መልካም ምኞት፣ የአበባ ሥዕልና «ለ20 ሰው ያስተላልፉ» የሚል ጸሎት ይዘንብበታል። ከሰዓት በኋላ አንዱ ብቅ ይልና «መነሻው ስንት ሰዓት ነው?» ይላል። ይነገረዋል። ማታ ሌላው «ስንት ሰዓት ነው የምንነሳው?» ይላል። ገንዘብ ያዡ «የከፈላችሁበትን ስክሪንሾት ላኩ» ብሎ ሲለምን ግማሹ አውራ ጣት ይልክለታል። አውራ ጣት ደረሰኝ አይሆንም ቢል፣ ልቡ የሚያዝንበት ሰው አይጠፋም።

ቲሸርቱ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። የመመዝገቢያው ቅጽ ልክህን ይጠይቅሃል፤ ስሞል፣ ሚዲየም፣ ላርጅ እያለ። ትሞላለህ። የሚደርስህ ግን የተረፈው ነው። ባለፈው ለሁላችንም የደረሰን ድርብ ኤክስ ኤል ነበር። ነርሷ ለብሳው ስትወጣ ጉልበቷ ላይ ደረሰ። «ይሄ የእኔ ብቻ ነው ወይስ የእኔና የባለቤቴ?» አለች። ልብስ ሰፊያችን ሌሊቱን ቁጭ ብሎ የሁሉንም ጎን ሲያጠብ አደረና እርሱ ራሱ ሳይተኛ ተሳፈረ። ጡረተኛው ጋሼ ብቻ ናቸው ልካቸው የሆነው፤ እርሳቸውም ልኬ ሚዲየም ነው ብለው እስከ ዛሬ አላመኑም።

ሌሊት 9 ሰዓት ተባለ አይደል? አባዱላው 9 ሰዓት ላይ የለም። ሾፌሩ ስልክ አያነሳም፤ ሲያነሳ «ደርሻለሁ፣ ታጠፍኩ» ይላል፤ በዳራው ዶሮ ሲጮህ ይሰማል፤ ያለው አልጋው ላይ ነው። መኪናው ሲመጣ ደግሞ ሰው ይጎድላል። ልብ ብላችሁ እዩ፣ ሁሌም የሚያረፍደው ቤቱ ከመነሻው ቦታ ጎን የሆነው ሰው ነው። ከዳር የሚመጡት ቀድመው ብርድ ላይ ቆመዋል፤ እርሱ ግን መኪናውን በመስኮቱ እያየ ካልሲውን ይፈልጋል። ሲመጣም ይቅርታ አይልም፤ «ገና ናችሁ እንዴ?» ነው የሚለው።

ከዚያ የመስኮቱ ጦርነት ይጀመራል። በውርጭ ቁምጣ ለብሶ የሚሮጥ ጎረምሳ፣ የመኪና መስኮት ሁለት ጣት ሲከፈት «ዝጉልኝ፣ ነፋስ ይመታኛል» ይላል። እነሆ ሃያ ምናምን ላብ የለመደ ሰው በአንድ ቆርቆሮ ውስጥ ታሽጎ ወደ ታች ይወርዳል። አንዱ ኃይል ይሰጣል ብሎ በሶ በጥብጦ ይዟል፤ ዓለም በር ሳንደርስ ጠርሙሱ ፈንድቶ የፊተኛው ሰው ጀርባ ላይ ይረጫል። ሾፌሩ ደግሞ የሙዚቃውን ድምፅ ከፍ አድርጎታል፤ ቀንሱልን ሲባል «እንዳልተኛ ብዬ ነው» ይላል። ይህን ከሰማህ በኋላ ቀንስልኝ ለማለት አፍ የለህም።

ወረታ ስንደርስ ሹራቡ ሁሉ ይወልቃል። የፎገራ ሜዳ ሩዙን ሊያበቅልበት የሚችለው ሙቀት እኛንም አይምርም፤ ከደብረ ታቦር 900 ሜትር ያህል ወርደናል። ብዙ ሰው ደገኛ ሲወርድ ይበርራል ይላል። ሳንባው እውነት ነው፣ አየሩ ይበዛለታል። ሙቀቱን ግን ሳንባ አይችለውም፤ እርሱን ሰውነት ቀስ ብሎ ነው የሚለምደው፣ የሚለምደውም ሙቀት ውስጥ ሲከርም ነው። ዓመቱን ሙሉ በብርድ ሮጠን አንድ ማለዳ ቆላ ቀመስ ፀሐይ ላይ ብንጣል የምንቀልጠው እኛው ነን። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እመጣባታለሁ።

የውድድሩ ቦታ ስንደርስ ወረፋ አለ። የደረት ቁጥር ለመቀበል ወረፋ፣ ቺፕ ለመቀበል ወረፋ፣ ዕቃ ለማስቀመጥ ወረፋ። ወረፋ ባለበት ሁሉ ያ ሰውዬ አለ። የት ነበርክ ሲሉት «እዚህ ነበርኩ እኮ፣ እቺን እህቴን ጠይቋት» የሚለው። እህቲቱ አይታው አታውቅም፤ ግን ታፍራለች፣ ዝም ትላለች፤ እርሱም ይገባል። ቁጥሩ ሲሰጥህ አራት ቀዳዳ አለው፣ መርፌ ቁልፉ ሁለት ነው። ሁለቱን ከላይ ታደርገዋለህ፤ ከታች ያለው እስከ 21ኛው ኪሎ ሜትር ሆድህን እየጠፈጠፈ ይሸኝሃል።

መጸዳጃውን ባላነሳው በወደድኩ። ለሺህ ሰው ጥቂት ተንቀሳቃሽ መጸዳጃ ተደርድሯል፤ ግማሹ ተቆልፏል፤ ቁልፉ አንድ ሰው እጅ ነው፤ ሰውዬው ሻይ ሊጠጣ ሄዷል። ሌሊቱን በመኪና የተጓዘ፣ ውሃ ጠጡ ሲባል የጠጣ ሯጭ በየግንቡ ሥር እየዞረ የሚደበቅበት ይፈልጋል። ወንዱስ እሺ። ነርሷ በአካባቢው ያለ ሰው ቤት አንኳኩታ «እናቴ፣ እባክዎ» ብላ ገባች። ሴትዮዋ አስገቧት፤ ስትወጣ ቡና ካልጠጣሽ ብለው ያዟት። እኛ መነሻው ላይ ስሟን እየጠራን፣ እርሷ እዚያ «በሞቴ» እየተባለች።

መነሻው አንድ ሰዓት ነው ተብሎ ነበር። አንድ ሰዓት ላይ ድምፅ ማጉያው «አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት» ይላል። ከዚያ ክቡራን እንግዶች ይጠበቃሉ። እንግዶቹ ሲመጡ ንግግር አለ፤ ንግግሩ ስለ ስፖርት ጥቅም ነው፤ የሚነገረው ስፖርት ሊሠራ ቆሞ ለቀረ ሰው ነው። አንዱ ሲጨርስ «በዚህ አጋጣሚ» ብሎ ሌላው ይቀበለዋል። ይኸው ሁሉ አልፎ የማሟሟቂያው ሰዓት ይመጣል። መድረክ ላይ ያለው ወጣት ጉልበቱ ሙሉ ነው፤ ዝለሉ ይላል፣ ተቀመጡ ተነሱ ይላል፣ «ድምፅ አልሰማሁም!» ይላል። እኛም ይሉኝታ አለን፣ እንዘላለን። ግማሹ ጉልበታችን እዚያው ቆሞ ቀረ። ሩጫው ሲጀመር ፀሐይዋ ጫን ብላለች።

ሩጫው ተጀመረ ማለት ሮጥክ ማለት አይደለም። አትሌቶቹ ከፊት ተተኩሰው ሄደዋል፤ የእኛ መንገድ ግን ተዘግቷል። የዘጉት ከፊት ቦታ ይዘው ከሁለት መቶ ሜትር በኋላ መራመድ የጀመሩት ናቸው። እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ መንገዱን በስፋቱ ይዘው፣ እንደ ሚዜ እያዜሙ ይሄዳሉ። በግራ ብትል ግራ፣ በቀኝ ብትል ቀኝ። «ይቅርታ፣ አሳልፉኝ» ስትል «ወንድሜ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብለው ይመክሩሃል። ቀስ እያልኩ እኮ ነው! ከዚህ በላይ ቀስ ብል እቆማለሁ። ሌላው ደግሞ እንደ ልቡ ይሮጥና ድንገት በቁሙ ቀጥ ይላል፤ ለምን? ሰልፊ ሊያነሳ። ከኋላው ያለው ሁሉ እርስ በርሱ ይጋጫል፤ ፎቶው ላይ ከእርሱ ጀርባ የተቆጡ ሰዎች የሚታዩት ለዚህ ነው። የሃይላንዱን ጠርሙስ አንዴ ጎንጭቶ መሐል አስፋልት የሚጥለውማ አይነሳ፤ እግሩን ያጠመዘዘበትን ሰው እርሱ አያውቀውም።

አሥረኛውን ኪሎ ሜትር ስናልፍ ሕዝቡ ይሳሳል፣ እፎይ እንላለን። እፎይታው ግን ዕድሜ የለውም። የዓለም አትሌቲክስ ሕግ በረጅም የጎዳና ውድድር በየ5 ኪሎ ሜትሩ ገደማ የውሃ ጠረጴዛ እንዲኖር ያዛል፤ ጠረጴዛው አለ። እርሱን አልካድም። አሥራ አምስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ከሩቅ ሲታየን ሁላችንም ፈጠን አልን። ስንደርስ አንዲት የበጎ ፈቃድ ልጅ ጠረጴዛውን አጥፋ በብብቷ ይዛለች። ካርቶኖቹ ባዶ ናቸው።

«ውሃ?» አላት የባንክ ሠራተኛው።

«አልቋል ጋሼ።»

«እንዴት ያልቃል? ከኋላ እኮ ገና ሰው አለ።»

ልጅቱ መንገዱን ወደ ኋላ አየች፤ ከዚያ እኛን አየችን። ክፋት የለባትም፣ ከልቧ ነው የጠየቀችው፦ «እናንተ የት ነበራችሁ?»

ስንሮጥ ነበር። ምን ብለን እንንገራት?

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ የውድድር መንገድ አይደለም፣ የከተማ መንገድ ነው። ገመዱ ተጠቅልሏል፣ አስፋልቱ ተከፍቷል፣ ባጃጁ ተለቋል። ትራፊኩ «ጥግ ያዙ! ጥግ ያዙ! ውድድሩ አልቋል» ይለናል። ለማን ነው ያለቀው? ቁጥር ለጥፈን፣ ከፍለን፣ ሌሊቱን ተጉዘን መጥተን፣ የእግረኛ መንገድ ላይ ከጫማ ጠራጊና ከበቆሎ ጠባሽ መሐል እየተሽሎከለክን ግማሽ ማራቶናችንን እንጨርሳለን። ጡረተኛው ጋሼ አንዷን የሙዝ ነጋዴ ቆም ብለው ዋጋ ጠየቋት፤ በሰዓታቸው ላይ ያን ያህል ደቂቃ ተጨመረባቸው።

መድረሻው ላይ ያ በነፋስ የተነፋው ትልቅ በር ነፋሱ ወጥቶ መሬት ላይ ተኝቷል፤ ወጣቶች ቆመውበት እየጠቀለሉት ነው። በየት በኩል እንግባ? የሰዓቱ ሰሌዳ ተነቅሏል። ሜዳልያ ስንጠይቅ ሳጥኑን ገልብጠው አሳዩን። ለማን ሄደ ብንል፣ አቋርጦ የገባውም፣ አጭሩን የሮጠውም፣ ልጅ ያዘለውም ተሰጥቶታል አሉን። «ስልካችሁን ጻፉ፣ እናደርሳችኋለን።» ጻፍን። ስልኩ እስከ አሁን ክፍት ነው።

ምሳው ላይ ደግሞ የሒሳብ ነገር አለ። ግማሹ ሽሮ፣ ግማሹ ጥብስ ይበላና ሒሳቡ ሲመጣ ጥብስ የበላው «እኩል እንካፈል፣ አንድ ቤተሰብ አይደለን?» ይላል። ሽሮ የበላው ቤተሰብነቱን ያን ጊዜ ይጠራጠረዋል። ሾፌሩም «በውላችን መሠረት ሰዓት አልፏል» ብሎ ጭማሪ ይጠይቃል፤ ጠዋት አልጋው ላይ «ታጠፍኩ» ያለው እርሱ ራሱ።

እሺ፣ ይህ ሁሉ የጉዞ ጣጣ ነው፤ ሰው ሲሰበሰብ የሚኖር ነው፣ ይታለፋል። ያላለፈልኝ የውሃዋ ነገር ናት። የሚቆጨኝ ውሃ መጥፋቱ ሳይሆን የሚጠፋበት ምክንያት ነው። አዘጋጁ ሲያቅድ የሚያስበው ስለ አንደኛው ሰው ነው። አንደኛው በአንድ ሰዓት ገደማ ገብቶ ሲያበቃ ሥራው የተጠናቀቀ ይመስለዋል፤ ሽልማቱ ይሰጣል፣ ካሜራው ይታጠፋል፣ ክቡራን እንግዶች ይነሳሉ። ፈጣኑ ሰው ግን ፀሐይዋ ሳትጠነክር የገባ ነው። ሁለት ሰዓት ከሩብና ከዚያም በላይ የሚቆየው ሰው ነው ሙቀቱ አናቱ ላይ የሚወጣበት፣ ብዙ የሚያልበው፣ ብዙ ውሃ የሚያስፈልገው። ያዙልኝ ያልኳችሁ ይህንን ነበር። ጠረጴዛው ላይ ያለው ውሃ ከፊት ተቆጥሮ ወደ ኋላ ይታደላል፤ መቆጠር የነበረበት ግን ከኋላ ነው።

ነገሩ ከውሃም ያልፋል። ሩጫ ባገራችን ሁለት መልክ ብቻ ነው ያለው፤ ወይ ክብረ ወሰን ነው፣ ወይ ጭፈራ ነው። ኃይሌ በ1994 ዓ.ም. ኅዳር ታላቁ ሩጫን ሲጀምር 10 ሺህ ሰው አዲስ አበባ ጎዳና ላይ ወጣ፤ ዛሬ ብዙ አሥር ሺዎች ይወጣሉ። 10 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሰው ይጨፍራል፣ ውሃ ይራጫል፣ ይደሰታል። መልካም ነው፣ ማን ይጠላል? በዚያው ላይ የሚወዳደሩት አትሌቶች ደግሞ ከፊት ሆነው ይበርራሉ። መሐሉ ግን ባዶ ነው። አትሌት ያልሆነ፣ ሊጨፍርም ያልመጣ፣ ዝም ብሎ በጥሞና 21 ኪሎ ሜትር ሊሮጥ የመጣ የአርባ ምናምን ዓመት መምህር የት ይግባ? ለፊተኞቹ ዘገምተኛ ነው፣ ለኋለኞቹ ደግሞ አካባጅ። «ምነው ፊትህን አጠቆርክ፣ ተዝናና እንጂ» ይሉታል። እየተዝናና ነው እኮ! መዝናናቱ እንዲህ ነው የሚመስለው።

በሌላው ዓለም ይህ መሐል ነው ውድድሩን ደግፎ የሚያቆመው። ብሬንዳን ፎስተር እ.ኤ.አ. በ1981 ሰሜን እንግሊዝ ውስጥ የጀመረው ታላቁ የሰሜን ሩጫ ግማሽ ማራቶን ነው፣ በየዓመቱ አሥር ሺዎች ይሮጡበታል። በ2013 ቀነኒሳ በቀለ ሞ ፋራህን በአንድ ሰከንድ ቀድሞ አሸነፈበት፣ ኃይሌም ሦስተኛ ሆነ፤ እኛ የምናውቀው ይህንን ነው፣ ደስም ብሎናል። ግን ከእነርሱ በኋላ ለሰዓታት ሲገባ የዋለው ሕዝብ ነው የምዝገባውን ብር የከፈለው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ኮምሬድስ የሚባለው ወደ 90 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሩጫ አለ። ማብቂያው 12 ሰዓት ነው፤ 12 ሰዓት ሲሞላ ጥይት ይተኮሳል፣ በሩ ይዘጋል። ጨካኝ ሕግ ነው፤ ግን ሕግ ነው። ሯጩ ስንት ሰዓት እንዳለው አስቀድሞ ያውቃል፣ ተመልካቹም የመጨረሻውን ሰው ሊያይ ይቆያል። እኛስ? «ውድድሩ አልቋል» የምንባለው በትራፊክ ነው።

ይህም ሁሉ ሮሮ መንገድ ሲገኝ ነው፣ እርሱን መካድ አይገባም። ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ወዲህ ክልላችን በምን ዓይነት ግጭት ውስጥ እንዳለ ማንም ያውቀዋል። ሌሊት 9 ሰዓት ተነስቶ ወደ ወረታ መውረድ የማይታሰብባቸው ብዙ ሳምንታት አልፈዋል፤ ማለዳ ሩጫችንም ከሰፈር ሰፈር ያላለፈባቸው ጊዜያት አሉ። ማማረር እንኳ የማይቻልበት ጊዜ አለ ማለት ነው። ሰው ስለ ቲሸርት ልክና ስለ መስኮት ሲነጫነጭ ብትሰሙት አትታዘቡት፤ ደህና ጊዜ ላይ ነው ያለው።

መንገዱ እስኪከፈት ግን ጥያቄያችንን አጥርተን እንጠብቅ። ብዙ አይደለም። አንደኛ፣ ውድድሩ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚዘጋ በምዝገባው ቅጽ ላይ ይጻፍ፤ ሦስት ሰዓት ከሆነ ሦስት ሰዓት፣ ሁለት ተኩል ከሆነ ሁለት ተኩል፣ እናውቀውና እንወስን። ሁለተኛ፣ የመጨረሻውን ሯጭ የሚከተል አንድ መኪና ይመደብ፤ ጠረጴዛው የሚታጠፈው፣ ገመዱ የሚጠቀለለው፣ ባጃጁ የሚለቀቀው ያ መኪና ሲያልፍ ይሁን። ሦስተኛ፣ ሜዳልያው በተመዘገበው ቁጥር ልክ ይሠራና በደረት ቁጥር ምልክት እየተደረገ ይሰጥ። አራተኛ፣ ንግግሩ ከሩጫው በኋላ ይሁን፤ ስንደርስ እንሰማዋለን፣ ያን ጊዜ ሮጠን አናመልጥም። መርፌ ቁልፉንም አራት አድርጉት፤ ሁለት ተጨማሪ መርፌ ቁልፍ አገር አያከስርም።

ይህንን ለአንድ አዘጋጅ በስልክ ብነግረው ጨዋ ሰው ነው፣ አዳመጠኝ። «ጥሩ ሐሳብ ነው ወንድሜ፣ የአስተያየት ቅጽ አለን፣ እሱ ላይ ሙላው» አለና ሊንክ ላከልኝ። ከፈትኩት። ስም ይላል፣ ዕድሜ ይላል፣ ከተማ ይላል፤ ሁሉንም ሞላሁ። ከዚያ «የገቡበት ሰዓት» የሚል መጣ፣ የሚመረጥ ነው። ከ1 ሰዓት በታች፣ ከ1 ሰዓት እስከ 1 ተኩል፣ ከ1 ተኩል እስከ 2። የመጨረሻዋ ምርጫ «ሌላ» ትላለች። ክለባችን በሙሉ «ሌላ» ነው። መረጥኳትና ላክሁት።